አጥፍተህ አብራው

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን
ከቤት

ለውዷ ልጄ፣ ለቃጭሌ፣

ጤናሽን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የእኛን ጤና ግን ገና አትጠይቂኝ፤ እየነገርኩሽ እመጣለሁ።

ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። በስልክ ዘመን ወረቀት የሚልክ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታስሯል ትያለሽ። አልተጣላንም፣ አልታሰርንም። ነገር ግን ስትደውዪ አባትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ገና «እንዴት ናችሁ?» ስትዪ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «ሁሉ ሰላም ነው» ይልሽና ስለ ዝናብ ያወራሻል። ባለፈው እሑድ ስለ ዝናብ ያን ያህል ሲያወራሽ አልጠረጠርሽም? አባትሽ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ነው? ስለዚህ ይህን በሆስፒታላችን ፋርማሲስት እጅ እልክልሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ለስልጠና ወደ እናንተ ከተማ ትሄዳለች። አባትሽ ጓሮ የውሃ ቧንቧ እየጠገነ ነው። እሱ ሳይገባ ልጨርስ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አባትሽ ከሥራ ሊባረር ነው። አሁን ታግዶ ቤት ተቀምጧል፤ ኮሚቴው የመጨረሻ ውሳኔውን የሚሰጠው ሰኞ ሳምንት ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው አንቺ በጻፍሽለት መመሪያ ውስጥ ካለ አንድ ቃል ነው። ይህን እንዳልነግርሽ «ሆድ ይፍጀው፣ አደራ» ብሎኛል። የእኔ ሆድ አንቺን ዘጠኝ ወር ችሎ ነበር፣ ይህን ግን አልቻለም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ወር መጨረሻ፣ በጠራራ ቀን ነው። አንዲት ልጅ እግር እናት የመጀመሪያዋን ወለደች። ሕፃኗ ደህና አለቀሰች፣ እኛም እሰይ አልን። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን የእናቲቱ ደም አልቆም አለ። መድኃኒቱን ሰጠናት፣ አልቆመም። ማህፀኗን በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩት፤ ለቀቅ ሳደርገው ይመለሳል። የእኛ ሐኪም ሌላ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር። ስለዚህ በትልቁ ሆስፒታል ያለችውን ስፔሻሊስት በስክሪን ጠራናት። ያንን የቪዲዮ መስመር የዘረጋውም የሚጠብቀውም አባትሽ ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳዳነን ታውቂያለሽ።

ስፔሻሊስቷ «ፊኛውን አስገቢ» አለችኝ። ማህፀን ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲሞላ ደሙን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆም ፊኛ ነው። እኔ የሠራሁት በስልጠና ጊዜ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ እንጂ በሰው ላይ አልነበረም። እሷ እየመራችኝ አስገባሁት። «ጎበዝ። አሁን ውሃውን ቀስ እያልሽ ሙዪ፣ ግን ልክ...» ብላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ምስሉ ቀጥ አለ። ድምፅም የለም።

ባልደረባዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝና አባትሽን ጠራሁት። ምን አልኩት? ሰው ሁሉ የሚለውን ነዋ። «ተቋርጧል፤ አጥፍተህ አብራው፣ ቶሎ በል» አልኩት።

አጠፋው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

በእሱ በኩል የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ድሮ ቢሆን መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ ይሰካው ነበር። አሁን ግን መስመሩ ወደ አዲሱ ሰርቨር ተዛውሯል፤ እዚያው ላይ የካርድ ክፍሉም የላብራቶሪውም ሥራ ስላለ መንቀል አይቻልም። የተቋረጠውን መስመር ብቻ ለይቶ በትእዛዝ ማጥፋትና ማብራት ነው። ይህን ደግሞ አዘውትሮ አይሠራውም። ስለዚህ መመሪያሽን ከፈተ። ሰርቨሩን የሚያሠራው የሊኑክስ ፕሮግራም የኔትወርክ ማስተካከያ መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ስለነበር መዝገበ ቃላት ጭኑ ላይ አድርጎ ሲታገል አይተሽ፣ የዕረፍት ጊዜሽን ሙሉ ተቀምጠሽ በገዛ ቋንቋው የጻፍሽለትን መመሪያ። ከዚያ ወዲህ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም።

በማውጫው ላይ ጣቱን ሲያወርድ «ግንኙነት ለማጥፋት» የሚል አገኘ። እኔ ያልኩት አጥፋ፣ መጽሐፉም የሚለው ማጥፋት። ገጹን ገለጠ፣ ትእዛዙን እንዳለ ጻፈው፣ ተጫነው። ፕሮግራሙም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ እሺ አለ። ከዚያ «ለማብራት» የሚለውን ገጽ አውጥቶ ቢጽፍ «በዚህ ስም የሚታወቅ ግንኙነት የለም» አለው። ደግሞ ጻፈ። የለም። አድራሻው፣ የይለፍ ቃሉ፣ እሱ ሳምንት ሙሉ ለክቶ ያስተካከለው ነገር ሁሉ ሄዷል።

አንቺ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሁለት ትእዛዝ አለሽ። አንዱ መስመሩን ለጊዜው የሚዘጋ ነው፣ ሌላው ከነቅንብሩ ጠራርጎ የሚያስወግድ። በውጭው ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው አሉ፤ አንቺ ሁለቱንም «ማጥፋት» አልሻቸው። ስህተት ነው እንዳልል ስህተት አይደለም፤ የእኛ አፍ እንደዚያ ነው የሚለው። መብራት አጥፊ ሲሉሽ አጥፍተሽ መልሰሽ ታበሪዋለሽ። ሰሌዳ አጥፊ ሲሉሽ ግን የተጻፈው አይመለስም። ስናወራ እጃችን እያመለከተ፣ ዓይናችን እያየ ስለሚለየው አናስተውለውም። መጽሐፍ ግን እጅ የለውም፣ ልጄ።

ማስጠንቀቂያ አልጻፍሽም አልልም፣ ጽፈሻል። ግን የት? ከትእዛዙ በታች፣ ያውም ገጹ ተገልብጦ ጀርባው ላይ። «ማሳሰቢያ፦ ይህ ትእዛዝ ግንኙነቱን ጨርሶ ያጠፋል» ይላል። ሚስቱ በስልክ እየጮኸችበት ማን ገጽ ይገለብጣል? በእኔ ሙያ ከመርፌው በኋላ የሚነበብ ማስጠንቀቂያ የአስከሬን ምርመራ ነው የሚባለው።

እኔ በዚያች ሰዓት ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ስክሪኑ ጥቁር መሆኑን፣ ጓንቴ ሞቆ መርጠቡን ነው። ያቺን የፕላስቲክ አሻንጉሊት በዓይኔ እያየሁ፣ ያኔ አሰልጣኛችን የተናገረችውን ከአእምሮዬ ጓዳ እየፈለግኩ ውሃውን መሙላት ጀመርኩ። ያኔ ብሳሳት የሚሞት ሰው አልነበረም። ልጅቷ «ሲስተር፣ ትንሽ ልተኛ?» አለችኝ። «አትተኚም። ለልጅሽ ስም አውጪላት» አልኳት። አንድ ስም አለች፣ አልወደድኩትም አልኳት። ሌላ አለች፣ እሱንም አልወደድኩም። ሦስተኛው ላይ ተናደደችና «ልጅቷ የእኔ ናት ወይስ የአንቺ?» ስትለኝ ደሟ መቀነሱን በጓንቴ ሥር አወቅኩ። ስፔሻሊስቷን በስልክ አፈላልገን ስናገኛት «የቀረውን እኔ ልንገርሽ» አለች፤ የቀረ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ድናለች፣ ቤቷ ገብታለች። ባሏ ግን «ያጠፋው ሰው ይጠየቅልኝ» ብሎ ለአስተዳደሩ አመለከተ። አልፈርድበትም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የሆስፒታሉን ጣሪያ አነሣው ነበር።

ኮሚቴው ለምስክርነት ስለጠራኝ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉዳዩ ቶሎ ተዘግቶ ወደ ምሳው እንዲሄድ የሚፈልግ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ በቀጥታ ይንገሩን። ማነው ያጠፋው?» አለው። አባትሽ የጠየቁት ስለ መስመሩ ነው ብሎ፣ በዚያ በቀና ልቡ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። ጸሐፊዋም ጻፈች። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥፋተኛነታቸውን በራሳቸው አንደበት አምነዋል።» ያው ቃል፣ አየሽ? ለሦስተኛ ጊዜ በላን።

«አጠፋሁት ያለው እኮ መስመሩን ነው» ብዬ ልነሣ ስል አባትሽ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«ምን አሉ ሲስተር?» አለ ሰብሳቢው።

«ምንም። እግሬን ነው» አልኩ።

ለምን እንደረገጠኝ ወዲያው ገባኝ። ያንን ካስረዳን ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ለምን ያንን ትእዛዝ ጻፉ?» ነው። መልሱ «መመሪያው ስላለ» ነው። ከዚያ «መመሪያውን ማን ጻፈው?» ይመጣል። አባትሽ ከዚያች ጥያቄ ፊት ቆሞ በሩን ዘግቷል። «የሠሩበትን ሰነድ ያስገቡ» ሲሉት እንኳ ስምሽ ያለበትን የፊተኛውን ገጽ ገንጥሎ አስገባው። አሁን ደግሞ «ከየት እንደመጣ በማይታወቅ፣ ባለቤት በሌለው ሰነድ መሥራት» የሚል ሁለተኛ ጥፋት ተጨመረለት።

ቤት ስንገባ ተጣላን። አልተጣላንም ያልኩሽ ለደብዳቤው መግቢያ ነው።

«ልጅቷ ትስማ፣ ታርመው» አልኩት።

«መሥሪያ ቤቷ ያሉት ቋሚ ሥራዋን ሊሰጧት የመጨረሻው ላይ ናቸው» አለ። «በዚህ መጽሐፍ ነው የሚሰጧት። አሳትመው ለየጤና ጣቢያው ሊያድሉላት ነው። አሁን ስሟ በደም ጉዳይ ይነሣ?»

«የአንተ ስም ሲነሣስ?»

«የእኔ ስም ያረጀ ነው» አለኝ። «ቢቆሽሽም አይታወቅበትም።»

አንጀቴን በላው፣ ግን ደግሞ አናደደኝ። እሱም አንቺም አናዳችሁኛል፤ በጌታ ፊት እውነቱን ልናገር። ከታገደ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያልጠገነው ነገር የለም። በሩ መጮህ ተወ፣ ወንበሩ መወዛወዝ ተወ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት የበረንዳው መብራት በርቶ ስላደረ «አጥፋው እስቲ» ብለው እጁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጎ ቆመ። «ልዝጋው ነው የምትይኝ?» አለ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ዞሮ እንባ ሆነብኝ። እሱም ዘጋው።

አሁን ስለ መጽሐፉ ልንገርሽ፤ ሊታተም ነውና ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ ግን መመሪያ እያነበብኩ ነው ያረጀሁት። ለጊዜው የሚቆመውን «መዝጋት» በዪው፣ የሚመለሰውን «መክፈት»። ጨርሶ የሚያስወግደውን «መሰረዝ» በዪው፤ ማስጠንቀቂያውንም ከትእዛዙ በላይ አድርጊው፣ ሰው ሳያየው እንዳያልፍ። «ማጥፋት» የሚለውን ቃል ደግሞ ከምዕራፉ ውስጥ አጥፊልኝ። አየሽ፣ እኔም ከአፌ አልወጣ አለኝ። ለዚህ ነው ከማውጫው ላይ እንዳታነሺው የምልሽ፤ የጨነቀው ሰው በዚያ ስም ነው የሚፈልገው። ግን ገጹን ዝም ብለሽ አትስጪው። «መዝጋት ነው ወይስ መሰረዝ?» ብለሽ ጠይቂው። ያን ቀን አባትሽን ይህችን አንዲት ጥያቄ የጠየቀው ነገር ቢኖር ኖሮ ይህ ወረቀት ባልተጻፈ ነበር።

ሌላም አለ። አባትሽ እንደሚለው ፕሮግራሙ ለውጡን ለጥቂት ጊዜ ሞክሮ፣ ማንም «ይጽና» ካላለው ራሱ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ አለው። ያንን የት አደረግሽው? መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ «ለላቁ ተጠቃሚዎች» ብለሽ። መመለሻ መንገድ የሚያስፈልገው ለላቁት ብቻ ነው እንዴ? ወደ ፊት አምጪው፤ ሰው ከመግባቱ በፊት መውጫውን ይወቅ።

ይህን ሁሉ ለአንቺ ብዬ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ እንዳለ ከታተመ ነገ በሌላ ጤና ጣቢያ ሌላዋ አዋላጅ እጇ በደም ተይዞ «አጥፍተህ አብራው» ትላለች። ያንን አሻንጉሊት የምታስታውስ ላትሆን ትችላለች።

የተገነጠለው ገጽ እኔ ጋ ነው። ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አገኘሁት፤ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሊቀደው፣ ሊያቃጥለው ይችል ነበር። አጥፎ አስቀመጠው እንጂ አላጠፋውም። ስምሽ ከነአባትሽ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩም «ለአባዬ፣ መዝገበ ቃላቱን ከጭኑ ላይ እንዲያወርድ» ይላል። ያንን ሲያነብ የነበረበትን ፊት አልረሳውም። ያን ዕለት መዝገበ ቃላቱን ወስዶ የበር ማቆሚያ አደረገው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

በውሳኔው ቀን ይዤው ገብቼ ሰብሳቢው ፊት ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ሌሊት ሌሊትም ሳስበው አድራለሁ። ነገር ግን እኔ ካስገባሁት እሱን ከዳሁት፣ አንቺንም ሳልጠይቅሽ ከሰስኩሽ ማለት ነው። አባትሽ ስምሽን ደበቀ። እኔ ደግሞ አሳልፌ ልስጠው? ስምሽን መስጠት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ገጹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፋርማሲስቷ ስልጠናዋን ጨርሳ ከውሳኔው ቀን በፊት ትመለሳለች። ለኮሚቴው የምትጽፊው ነገር ካለ ከገጹ ጋር በእሷ እጅ ላኪው። ከሌለሽም ገጹ የአንቺ ነው፣ አስቀምጪው፤ እኔም ጠይቄሽ እንደማላውቅ እሆናለሁ።

እንዲህ አድርጊ አልልሽም። ሥራሽ እንዲቀርብሽ አልፈልግም፣ አባትሽም በእርጅናው አንገቱን እንዲደፋ አልፈልግም። ሁለቱ አንድ ላይ ላይሆኑ እንደሚችሉ እያወቅኩ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። እናት መሆን እንዲህ ነው፣ ሲደርስሽ ታዪዋለሽ። ፈርቻለሁ፣ ቃጭሌ። አንቺ ዝም እንዳትዪ እፈራለሁ፤ እንዳትናገሪም እፈራለሁ።

አሁን ገብቶ ነበር፣ ፒንሳ ፈልጎ። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

«ለማን ነው?» አለ።

«ለልጅህ።»

«ምን ብለሽ?»

«ስለ ዝናብ» አልኩት።

ፒንሳውን አነሣ፣ ወጣ። የገባው ይሁን ያልገባው እንጃ። ከእሱ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ዝምታውን አንዳንዴ አሁንም አላነበውም።

ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፣ ስትጽፊ ጀርባሽን አታጉብጪ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፣ ከእጅሽ ቀድሞ የሚያይ ዓይንም ይስጥሽ። የሄድሽበት መንገድ ሁሉ መመለሻ ይኑረው። የምታደርጊውን ብታደርጊ ልጄ ነሽ፤ ይህን የሚዘጋም የሚሰርዝም ትእዛዝ የለም።

የምትወድሽ እናትሽ

ጨምሬ፦ ፖስታውን ልዘጋ ስል አባትሽ ከጓሮ በመስኮት ጠራኝ። «ዝናቡን ከጨረስሽ አንድ ነገር ጨምሪላት» አለኝ። «መጽሐፏ በጣም እየጠቀመኝ ነው በያት።» እንዳለው ጽፌልሻለሁ።